ምስጋናና እጅ መንሻ

በምዕራብ ሸዋ ገጠር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ምስጋና ነው። «እንዴት ከረማችሁ?» ለሚለው ጥያቄ በአማርኛ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ በኦሮምኛ «ገለተ ዋቃ» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ መልስ የሚሰማው ዝናቡ በወቅቱ ሲጥልና ጎተራው ሲሞላ ብቻ አይደለም። ሰብሉን በረዶ ያጋደመበት፣ ከጥንድ በሬዎቹ አንዱ የሞተበት፣ የታመመ ልጁን ይዞ ድልድይ በሌለው ወንዝ ዳር ያደረ ገበሬም አስቀድሞ ያመሰግናል፤ ችግሩን የሚዘረዝረው ከዚያ በኋላ ነው። ልማዱ ከዕለት ተዕለት አነጋገራችን ጋር የተዋሐደ በመሆኑ ትርጉሙን ቆም ብለን አንመረምረውም። ለመሆኑ በመከራ መካከል የሚቀርበው ይህ ምስጋና ለማን ነው? ስለ ምንስ ነው? የሚያመሰግን ሕዝብ በሁኔታው የረካ ሕዝብ ነውን? የዛሬው ሐተታችን በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል።

በጉዳዩ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ። አንደኛው የገጠሩን ምስጋና የኋላ ቀርነትና የመንፈስ ሽንፈት ምልክት አድርጎ ይመለከታል። በዚህ አመለካከት መሠረት ገበሬው «ተመስገን» የሚለው ከዚህ የተሻለ ኑሮ መኖሩን ስለማያውቅ ነው። ሁለተኛው አመለካከት በአብዛኛው ከከተሜው ወገን የሚሰማ ሲሆን፣ የገጠሩን ኑሮ ከሩቅ ሆኖ ያሞግሳል፤ ንጹሕ አየር፣ ትኩስ ወተት፣ ያልተበረዘ ፍቅር እያለ ይዘረዝርና ድኻው ገበሬ ከባለጸጋው ከተሜ ይልቅ ደስተኛ ነው ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል። ሁለቱ አመለካከቶች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የሚገናኙበት ነጥብ አለ። ሁለቱም ገበሬው የራሱን ኑሮ መዝኖ የሚናገር አስተዋይ ሰው መሆኑን ይክዳሉ። የመጀመሪያው አያውቅም ይለዋል፤ ሁለተኛው ማወቅ አያስፈልገውም ይለዋል።

ገበሬው ግን ያውቃል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ ነቀምት በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በጊንጪ በኩል አልፎ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው አምቦ፣ ከዚያም ወደ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ የሚጓዝ መንገደኛ ከመስኮቱ የሚያየው መስክ ለዓይን ያማረ ነው። በመስኩ ላይ የሚያርሰው ሰው ግን ስለ አፈሩ ሌላ የሚናገረው አለው። የጊንጪ ሜዳ ጥቁር መረሬ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ውሃ ይቋጥርና የሰውንም የበሬንም እግር ይውጣል። አፈሩ ለም ሆኖ ሳለ ውሃው ካልተጠነፈፈ ዘሩን ያበሰብሳል። ስለዚህ ገበሬው ቦይ ያወጣል፤ አንዱን ማሳ ለጤፍ ያለሰልሳል፤ ሌላውን ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ለሚበቅለው ሽምብራና ጓያ ያቆያል። የጤፍ ማሳ አንድ ጊዜ ታርሶ አይተውም፤ ተደጋግሞ መታረስ አለበት። አራሹ ዕርፍ ጨብጦ ከበሬዎቹ ኋላ የሚመላለስበትን ርቀት የሚቆጥርለት ማንም የለም።

ከማሳው ወጣ ሲል ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ነሐሴ ሲገባ ያለፈው ዓመት እህል ይመናመናል፤ አዲሱ ገና አልደረሰም። ወንዞች ይሞላሉ፤ ዘመድ ከዘመድ፣ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ፣ ምጥ የያዛት ሴት ከጤና ጣቢያው ትለያለች። የማዳበሪያው ዕዳ ሰብሉ ሳይሰበሰብ ይታሰባል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ የሰላም እጦት ተደርቧል። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ የሚውል የሚያድር ሰው የችግሩን ልክ አያውቅም ማለት አይቻልም። ምስጋናው ከአለማወቅ ካልመነጨ ሌላ ምንጭ ሊኖረው ይገባል።

ምንጩን ለማግኘት አነጋገሩን ራሱን መመርመር ይጠቅማል። በአማርኛ «አመሰገነ» የሚለው ግሥ ውለታ የዋለን ሰው ማመስገንንም፣ የአንድን ሰው መልካምነት መስክሮ ማወደስንም ያመለክታል። እንግዲያው ማመስገን መመስከር ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ሰው የተደረገለትን ነገር በራሱ አቅም ሊመልስ እንደማይችል ያምናል፤ ዕዳ እንዳለበት ግን አይክድም። «ውለታ ከፋይ ያድርገኝ» ሲል ደግሞ ዕዳውን ለመክፈል ቃል ይገባል። ውለታ የሚባለው ነገር «ይዋላል» እንጂ አይሰጥም፤ እገሌ ለእገሌ ውለታ ዋለለት ይባላል። በገጠር አነጋገሩ ከነገሩ አልራቀም፤ ከትላልቆቹ ውለታዎች አንዱ ቀንን በሌላ ሰው ማሳ ላይ መዋል ነውና። በሌላ በኩል «ውለታ ቢስ» መባል ከከባዶቹ ነቀፋዎች አንዱ ነው። ከዚህ የምንረዳው ምስጋና በገጠሩ ኅብረተሰብ ዘንድ የስሜት መግለጫ ብቻ አለመሆኑን ነው። ማን ለማን ምን እንዳደረገ የሚመዘገብበት፣ ብራና የማያስፈልገው መዝገብ ነው።

መዝገቡ በተግባር የሚገለጠው በሥራ ላይ ነው። የእርሻው፣ የአረሙ ወይም የአጨዳው ሥራ ከአንድ ቤተሰብ ጉልበት በላይ ሲሆን ባለማሳው ደቦ ይጠራል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው «ዳቦ» ይለዋል። የመጣው ሰው ጉልበቱን ያበረክታል፤ ጠሪው ምግብና መጠጥ ያቀርባል። ወንፈል፣ በኦሮምኛ «ዳዶ»፣ ከዚህ ይለያል፤ በወንፈል ቀን በቀን ይመለሳል፤ ዛሬ ለእኔ የዋለ ነገ እኔ እውልለታለሁ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ቢሆኑ ማረስ የማይችሉ ሲሆኑ ተቀናጅተው ሁለት ማሳ ያርሳሉ። ሰው ሲሞት ዕድር ይቆማል። ንብረቱ ለጠፋበት ሰው በጋራ የማዋጣት የኦሮሞ ባህል ቡሳ ጎኖፋ ይባላል፤ የኦሮሚያ ክልል መንግሥትም በዚህ ስም ዛሬ መሥሪያ ቤት አቋቁሟል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው። ትናንት የተዋለለት ሰው ውለታውን ያስታውሳል የሚል እምነት ከሌለ ማንም በዝናብ ተነሥቶ ወደ ሌላው ማሳ አይሄድም። ውል የለም፤ ዳኛ የለም፤ ማስያዣ የለም። ምስጋናው ነው ማስያዣው። በችግር ጊዜ የሚሰማው «ተመስገን» ከዚህ አኳያ ሲታይ ሌላ መልክ ይይዛል። በሬው የሞተበት ገበሬ ሲያመሰግን በበሬው ሞት ደስ ብሎት አይደለም። በመጪው ሳምንት የሚቀናጀው ጎረቤት እንዳለው ያውቃል፤ ያንን ሳይዘነጋ ነው አፉን የሚከፍተው። ኀዘኑን ከማውራቱ በፊት ያልጠፋውን ይቆጥራል፤ ያልጠፋው ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከግለሰብ አልፎ የሕዝብ በዓል ሆኖ የሚታየው በኢሬቻ ነው። ክረምቱ አልቆ መስከረም ሲጠባ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃ ዳር ይወርዳል፤ ለፈጣሪው ምስጋና ያቀርባል። ታላቁ በዓል በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ደግሞ በአዲስ አበባም ሲከበር፣ በየአካባቢው ወንዞች ዳርም ይከበራል። ለምን ከውሃ ዳር? አንዱ መልስ ከኑሮው የሚገኝ ነው። በክረምት ሰውን ከሰው የለየው ወንዝ በመስከረም ጎድሎ መሻገሪያ ይሰጣል። የተለያየ ዘመድ ይገናኛል። ሰው የሚያመሰግነው ሲያስፈራው በከረመው ውሃ አጠገብ ቆሞ ነው፤ ምስጋናውም «ተሻገርን» የሚል ቁርጥ ያለ ይዘት አለው።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ሌላም ቁም ነገር አለ። ኢሬቻ አንድ ብቻ አይደለም። የመስከረሙ ኢሬቻ መልካ ከውሃ ዳር የሚቀርብ ምስጋና ሲሆን፣ በበጋው ማብቂያ በተራራ ላይ የሚደረገው ኢሬቻ ቱሉ ደግሞ የዝናብ ልመና ነው። አንድ ሕዝብ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመሰግናል፤ ይጠይቃልም። የተሰጠውን ያወቀ ሰው የጎደለውንም ያውቃል። ምስጋና ጥያቄን ያፍናል የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ይህ የዘመን አቆጣጠር ብቻውን ያስረዳል።

ይህ ማለት ግን በምስጋና ስም የሚነገር ሁሉ ምስጋና ነው ማለት አይደለም። ታሪካችን ሌላ ዓይነትም ያሳየናል። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከመታወጁ በፊት በዚህ አካባቢ ብዙው አራሽ ጭሰኛ ነበር። እንደ ስምምነቱና እንደ አካባቢው ልማድ ከምርቱ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩል ለባለመሬቱ ይሰፍራል፤ አሥራቱም በአብዛኛው ከእርሱ ትከሻ አይወርድም ነበር። በዚያ ላይ በዓል በመጣ ቁጥር ማር፣ ቅቤ ወይም በግ ይዞ ደጅ መጥናት ነበረበት። ይህ እጅ መንሻ ይባላል። እጅ መንሻ በመልኩ ምስጋናን ይመስላል፤ ጎንበስ ማለት አለበት፤ የምርቃት ቃል አለበት። ይዘቱ ግን ፍርሃት ነው። ጭሰኛው የሚያመሰግነው ስለ ተደረገለት ነገር ሳይሆን ከመሬቱ እንዳይነቀል ነበር። ራሱ አርሶ፣ ራሱ ዘርቶ፣ ራሱ አጭዶ፣ የሚጎርሰውን እንደ ችሮታ እንዲቀበል ይጠበቅበት ነበር።

ምስጋናና እጅ መንሻ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ምስጋና ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ዛሬ አመስጋኙ ነገ ተመስጋኝ ይሆናል። እጅ መንሻ ግን ወደ ላይ ብቻ ይወጣል። ምስጋና የሠራውን ሰው ይጠራል፤ እጅ መንሻ የሠራውን ሰው ይደብቃል። የመሬት ሥሪቱ ከተለወጠ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ይሁን እንጂ የእጅ መንሻ መንፈስ ከባለመሬቱ ጋር አብሮ ተቀብሯል ማለት አይቻልም። የሕዝብ ገንዘብ ፈሶበት የተሠራ የውሃ ቦኖ በተመረቀ ቁጥር ባለሥልጣንን እንዲያመሰግን ሽማግሌ የሚሰለፍ ከሆነ፣ መብቱ የሆነውን ማስረጃ ለማግኘት ገበሬ ከቢሮ ቢሮ እየተንከራተተ በመጨረሻ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ የሚወጣ ከሆነ፣ መልኩ ይለወጥ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

እንግዲህ መለያው ምንድን ነው? እኛ እንደምናምነው ገበሬው ራሱ በተግባር የሚጠቀምበት ቀላል መለያ አለ። በደረሰ ችግርም ሆነ በተገኘ መልካም ነገር ላይ «ይህ ከማን እጅ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዝናቡና በረዶው ከሰው እጅ አይደሉም፤ በእነርሱ ላይ ያለው ቃል ልመናና ምስጋና ነው። ድልድዩ፣ መድኃኒቱ፣ የእህሉ ዋጋና ሚዛኑ ግን ከሰው እጅ ናቸው። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትጓዝ መንገድ ላይ ብትሞት፣ የተሸከሟትን ጎረቤቶች ማመስገን ተገቢ ነው፤ ሞቷን ግን «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብሎ መዝጋት መንገዱን ያልሠራውን ሰው ነፃ ማውጣት ነው። በዚህ ጊዜ ምስጋናው ከቦታው ወጥቷል።

መለያው ለመልካሙም ነገር ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ዛሬ በጌዶም ሆነ በጀልዱ ገጠር «ልጄ ተረፈልኝ፣ ተመስገን» የምትል እናት ምስጋናዋ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በዚህ መትረፍ ውስጥ የሰው እጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ያሰማራቸው ሴቶች አሉበት፤ የክትባት ሣጥን በትከሻቸው አንግተው ዳገት የወጡ ወጣቶች አሉበት። ፈጣሪን ማመስገን እነርሱን ከማመስገን አያግድም። እነርሱን ማመስገን ማለት ደግሞ ደመወዛቸውን በወቅቱ መክፈልና የሚሠሩበትን ቤት ማሟላት ጭምር ነው።

በዚሁ መለያ የገጠሩን የምስጋና መዝገብ ራሱን ብንመረምር አንድ ትልቅ ጉድለት እናገኝበታለን። በደቦው ዕለት የሚመሰገነው አራሹና አጫጁ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ጠላውን የጠመቀችው፣ እንጀራውን የጋገረችው፣ ወንዝ ወርዳ እንስራ ወይም ጀሪካን ሙሉ ውሃ በጀርባዋ ያመላለሰችው፣ እንጨት ለቅማ ጢስ ስትታጠን የዋለችው ሴት ግን ቀኗ በወንፈል አይቆጠርም። በደጋው እንሰት በሚበቅልበት አካባቢ ክፉ ቀንን የሚያሻግረው ቆጮና ቡላ ነው፤ እንሰቱን የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ ሥራው ደግሞ ወገብ የሚቆርጥ ነው። ለሥራው ምስጋና እንጂ ለሠሪዋ ምስጋና ብዙ ጊዜ አይሰማም። አንድ ኅብረተሰብ የማያመሰግነውን ሥራ ሥራ አድርጎ አይቆጥረውም። ስለዚህ ምስጋናን ማስፋት መልካም ጠባይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ ነው።

ሌላው ጉድለት የከተማው ነው። የአምቦ ከተማ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ትጠራ ነበር። ከምድሯ በተፈጥሮ እየፈላ የሚወጣው ማዕድን ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ ታሽጎ በአገሪቱ ዙሪያ ተሽጧል፤ ስሟም የውሃው ስም ሆኗል። በአዲስ አበባ ምግብ ቤት ተቀምጦ «አምቦ አምጣልኝ» የሚለው ሰው ከዚያው አገር የሚመጣውን ጤፍ በልቶ ነው። ከገበታው ጀርባ ያለውን ሥራ ግን የሚያስታውስ ስንቱ ነው? የእርሻ ምርምሩም ቢሆን በዚህ መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት። በባኮ የምርምር ማዕከል ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀው «ቢኤች 660» የተባለው የበቆሎ ዘር በአገሪቱ ብዙ ማሳ አዳርሷል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው የመረሬን ውሃ የሚያጠነፍፍ መደብ መሥሪያ ሲያዘጋጁ፣ የተነሡት ገበሬው ለዘመናት በእጁ መደብና ቦይ ሲያወጣ ከኖረበት ዕውቀት ነው። ተመራማሪው ለገበሬው፣ ገበሬው ለተመራማሪው የሚከፍሉት ውለታ አላቸው። ከሁለቱም እጅ የበላው ከተሜ ግን የሁለቱም ባለዕዳ ነው።

ከተሜው ይህን ዕዳ በምን ይከፍላል? ገጠርን በማሞገስ አይደለም። «የገበሬ ኑሮ እንዴት ደስ ይላል» የሚለው ቃል ከአምቦ ጠርሙስ ላይ ያለውን አረፋ ያህል እንኳ አይቆይም። ዕዳው የሚከፈለው በተገቢ ዋጋ፣ በድልድይ፣ በክረምት በማይቋረጥ መንገድ፣ መድኃኒት ባለው ጤና ጣቢያ ነው። ውለታ ይዋላል ብለናል፤ ከተማው ለገጠሩ የሚውልበት ቀን ገና ብዙ ይቀረዋል።

አመስጋኝ ሕዝብ ዝም ያለ ሕዝብ አለመሆኑን ደግሞ የቅርቡ ታሪክ መስክሯል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከመሬትና ከጫካ ይዞታ ጋር የተያያዘ ተቃውሞ በጊንጪ ሲነሣ፣ የተነሣው በየመስከረሙ ወንዝ ዳር ወርዶ የሚያመሰግነው ሕዝብ ነበር። ጫካውን ቢወድ ነው ስለ ጫካው የጮኸ። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ኢሬቻ ላይ በተፈጠረው ግርግርና መረጋገጥ ብዙ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል፤ የምስጋናው ዳርቻ የኀዘን ዳርቻ ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ሕዝቡ እንደገና ሣርና አበባውን ይዞ ወደዚያው ሐይቅ ወረደ። ያን ጊዜ የወረደው የሆነውን ረስቶ አልነበረም። ምስጋና መርሳት ቢሆን ኖሮ ወደዚያ ዳርቻ የሚመለስ ባልተገኘ።

በአጭሩ፣ በአምቦም ሆነ በባኮ ገጠር በመከራ መካከል የሚሰማው «ተመስገን» ሦስት ነገሮችን በአንድነት የያዘ ነው። አንደኛ፣ ያልጠፋውን መቁጠር ነው፤ ይህም ለነገ ሥራ ጉልበት ይሰጣል። ሁለተኛ፣ የዋለውን ሰው መመስከር ነው፤ ይህም ደቦን፣ ወንፈልንና መቀናጆን አጽንቶ ያኖራል። ሦስተኛ፣ ዕዳን ማመን ነው፤ ዕዳን ማመን ደግሞ ሌላው ያለበትን ዕዳ ለመጠየቅ መብት ይሰጣል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ምስጋና ወይ ወደ ባዶ ልማድ፣ ወይ ወደ እጅ መንሻ ይወርዳል።

ስለዚህ ገበሬው ሲያመሰግን የሰማን ሁላችን፣ ረክቷል ብለን ፊታችንን ከማዞራችን በፊት፣ ያመሰገነው ስለ ምን እንደሆነ እናዳምጥ። ብዙ ጊዜ የምናገኘው የጎረቤትን ስም፣ የአንዲትን ወጣት የጤና ሠራተኛ ስም፣ አንድ በሬ ያበደረን ሰው ስም ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የእኛ ስም ካልተጠራ፣ ምክንያቱን ከገበሬው አመስጋኝነት ውስጥ ሳይሆን ከራሳችን ሥራ ውስጥ መፈለግ ይኖርብናል።